ኮምፒዩተር በደጋ አገርም ይግላል?

ክፍሎቹን ለየብቻ ገዝተው ደባርቅ ወይም ዳባት ላይ ያስገጠሙት ኮምፒዩተር፣ ገና ሥራ ሳይጀምር ፕሮሰሰሩ 90 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቢያሳይ ግር ማሰኘቱ አይቀርም፤ አገሩ ብርድ ነውና።

ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከጅቡቲ ወደብ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ማራገቢያው እኩል ቢሽከረከርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ሆኖም የደጋው ቅዝቃዜ ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል። ከፍታው ብቻውን ሥራ የፈታ ፕሮሰሰርን 90 ዲግሪ አያደርስም።

ችግሩን አገጣጠሙ ላይ ይፈልጉ። ኮምፒዩተሩን አጥፍተው ከኤሌክትሪክ ይንቀሉና ማቀዝቀዣውን ያንሱ። ከሥሩ ያለው መከላከያ ፕላስቲክ ሳይላጥ ቀርቶ ይሆን? ሙቀት አስተላላፊው ቅባትስ በደንብ ተዳርሷል? አሮጌውን ጠርገው የአተር ፍሬ ያህል አዲስ ያድርጉ። ሲመልሱት ማሰሪያዎቹ ሁሉ እኩል መጥበቃቸውን፣ የማራገቢያው ሽቦም ማዘርቦርዱ ላይ «ሲፒዩ ፋን» በሚለው ቦታ መሰካቱን ያረጋግጡ።

ይህን ሳያዩ ሌላ ፕሮሰሰር ለመግዛት አይቸኩሉ። ፕሮሰሰር ሙቀት ሲበዛበት ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ከባሰም ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ራሱን ይጠብቃል፤ የእርስዎም ደኅና ሊሆን ይችላል።