ከሠርግ ዳስ እስከ ስልክ፦ በግሉ የሚሠራ ሙዚቀኛ ኑሮውን በምን ያጸናል?

ጥር የሠርግ ወር ነው። በገጠርም ሆነ በከተማ ማሲንቆ፣ ክራርና ከበሮ ከዳስ ወደ ዳስ ይሻገራሉ፤ አንድ ሙዚቀኛ በአንድ ቀን ሁለት ቤት የሚጠራበት ጊዜም አለ። ዐቢይ ጾም ሲያዝ ግን ሠርጉ ይቆማል። ከፋሲካ በኋላ ሚያዝያና ግንቦት ሥራውን ጥቂት ያነቃቁታል፤ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ዳሱም ይፈርሳል፣ መንገዱም ይበላሻል። በየትኛውም ድርጅት ሳይቀጠር በግሉ የሚሠራ ሙዚቀኛ የዓመት ኑሮው በእነዚህ ጥቂት ወራት ላይ የቆመ ነው። አንድ ዓይነት ሰብል ብቻ የዘራ ገበሬ ዝናብ ሲቀርበት የሚደርስበትን የሚያውቅ ሁሉ የዚህን ሙዚቀኛ ስጋት ለመረዳት አይቸገርም።

ከደመወዝ ወደ ግል ሥራ

በሀገራችን በሙዚቃ መኖር አዲስ ነገር አይደለም። አዝማሪው ለዘመናት ማሲንቆውን ይዞ በየድግሱ እየዞረ፣ ታዳሚው በሚሰጠው ሽልማት ኖሯል። ብዙዎቹም ጎን ለጎን አርሰው ያድሩ ነበር። ባለፈው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ላይ ደግሞ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊት፣ የሀገር ፍቅር ቴአትርና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሙዚቀኞችን ቀጥረው በደመወዝ ያሠሩ ጀመር። ሸክላ ማሳተም በመንግሥት ተቋም እጅ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በራሱ አሳትሞ ለገበያ አቀረበ። የግል ሙዚቃ ኅትመት በር የተከፈተው በዚህ ድፍረት ነው።

ከሸክላ በኋላ ካሴት፣ ከካሴት በኋላ ሲዲ መጣ። በዚያ ሥርዓት አሳታሚው ለድምፃዊው ገንዘብ ከፍሎ ሥራውን ይረከባል፤ ትርፉም ኪሳራውም የእርሱ ይሆናል። ሕገ ወጥ ቅጂ ሲበራከት፣ በኋላም ሙዚቃው በስልክ ሲደመጥ፣ ያ ገበያ ተዳከመ። ዛሬ የስቱዲዮውን፣ የግጥሙን፣ የዜማውን፣ የቅንብሩንና የምስሉን ወጪ በአብዛኛው የሚሸፍነው ድምፃዊው ራሱ ነው። ነጻነቱ ጨምሯል፤ ዕዳውም አብሮ መጥቷል።

የመድረክ ገቢ ሲመረመር

ለብዙዎቹ ዋናው ገቢ አሁንም መድረክ ነው። ሆኖም ጠቅላላ ክፍያውና ወደ ቤት የሚገባው ገንዘብ ይለያያሉ። ለምሳሌ ያህል አምስት አባላት ያሉት ቡድን አንድን ሠርግ በ20,000 ብር ተዋዋለ እንበል። ለድምፅ መሣሪያ ኪራይ 5,000 ብር፣ ለመጓጓዣ 3,000 ብር ቢያወጣ የሚቀረው 12,000 ብር ነው፤ ለእያንዳንዱ 2,400 ብር ይደርሳል። ለልምምድ የጠፋው ቀን፣ ለክርና ለመሣሪያ ጥገና የሚወጣው ገንዘብ ገና አልታሰበም። ወጪውን አስቀድሞ ሳያሰላ ዋጋ የሚቆርጥ ሙዚቀኛ በሥራ ብዛት እየደከመ ሊከስር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዩቲዩብ የሚገኘው

ብዙ ወጣቶች ተስፋቸውን የጣሉት በዩቲዩብ ላይ ነው። አሠራሩን ማወቅ ግን ከተስፋው መቅደም አለበት። አንድ የዩቲዩብ ቻናል ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል ከሚጠየቃቸው መስፈርቶች አንዱ ቢያንስ 1,000 ተከታዮች ማፍራትና በ12 ወራት ውስጥ 4,000 ሰዓት መታየት ነው። 4,000 ሰዓት 240,000 ደቂቃ ማለት ነው። የአራት ደቂቃ ዘፈን ያለው ሰው ዘፈኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 60,000 ጊዜ እንዲታይለት ያስፈልጋል ማለት ነው። መስፈርቱን ካሟላ በኋላም በረጅም ቪዲዮዎች ላይ ከሚታዩ ማስታወቂያዎች ገቢ የቻናሉ ባለቤት ድርሻ 55 በመቶ ሲሆን፣ ክፍያው የሚላከው ሒሳቡ 100 ዶላር ሲደርስ ነው።

ተመልካቹ የሚገኝበት ሀገርም ገቢውን ይወስነዋል። አስተዋዋቂዎች በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ላለ ተመልካች የሚከፍሉት በኢትዮጵያ ላለው ከሚከፍሉት ይበልጣል። በውጭ የሚኖረው ወገን ለሀገር ቤት ሙዚቀኛ ትልቅ ገበያ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከሁሉ በላይ ሊጤን የሚገባው ግን ቻናሉ በማን ስም እንደተከፈተ ነው። ዘፈኑን በሌላ ሰው ቻናል የጫነ ድምፃዊ ገንዘቡ የሚገባው በዚያ ሰው ሒሳብ ነው። ሥራው በሌላ ወገን ስም በዩቲዩብ የመብት መቆጣጠሪያ ውስጥ ከተመዘገበ ደግሞ፣ ድምፃዊው የራሱን ዘፈን መልሶ ሲጭን የመብት ጥያቄ ሊነሣበት ይችላል።

ሕጉ የሚሰጠው ጥበቃ

በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። በሕጉ መሠረት ግጥምና ዜማ የደራሲዎቻቸው ናቸው፤ ጥበቃውም በደራሲው ዕድሜና ከሞተ በኋላ ባሉት 50 ዓመታት ይዘልቃል። ድምፃዊውና ተጫዋቹ ደግሞ በክዋኔያቸው ላይ ተዛማጅ መብት አላቸው። ማሻሻያው የመብት ባለቤቶች በጋራ አስተዳደር ማኅበር ተደራጅተው ሥራቸውን ለንግድ ከሚጠቀሙ ተቋማት ክፍያ የሚሰበስቡበትን መንገድ አመቻችቷል።

መብት የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በሕግ ጉድለት ሳይሆን በችኮላ ስምምነት ነው። ገንዘብ የቸገረው ሙዚቀኛ ሥራውን «ጠቅልሎ» ይሸጣል፤ ዘፈኑ ለስልክ ጥሪ ማሳመሪያ፣ ለፊልም ወይም ለማስታወቂያ ሲውል የሚጠይቀው ነገር አይኖረውም። ስለዚህ ውሉ በጽሑፍ መሆን፣ የትኛው መብት፣ ለስንት ዓመት፣ ለየትኛው አገልግሎት እንደተላለፈ ለይቶ ማስቀመጥ ይኖርበታል።

የቆየ ሥራ ሲያበላ

የድሮ ሥራ ምን ያህል ሊያገለግል እንደሚችል የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ያሳያል። የዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ለዓመታት ኖረ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 የሠራው የአኮርዲዮን ካሴት ከ28 ዓመት በኋላ በ2013 በድጋሚ ታተመ። ከዚያ በኋላ በልዩ ልዩ ሀገሮች መድረኮች ላይ መጫወት ጀመረ፤ በ2018ም አዲስ አልበም አወጣ። እንዲህ ያለ ዕድል ለሁሉም አይደርስም። ቢደርስ እንኳ ሊጠቀምበት የሚችለው የሥራው ቅጂና መብት በእጁ ያለው ሰው ነው።

ገቢን ማከፋፈል

በሙዚቃ ጸንተው የሚኖሩት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ገቢ ላይ ብቻ ያልተመረኮዙት ናቸው። ሠርግ በሌለበት ወቅት ማሲንቆና ክራር ማስተማር፣ መሣሪያ መሥራትና መጠገን፣ ለሌሎች ግጥምና ዜማ መስጠት፣ በባህል ምሽት ቤቶች መጫወት ክፍተቱን ይሞላሉ። በጥር ከሚገኘው ላይ ለጾሙና ለክረምቱ መቆጠብም እንደ ዘር እህል ሊታይ ይገባል፤ በሥራ ባልደረቦች መካከል የሚጣል ዕቁብ ለዚህ የታወቀ ዘዴ ነው።

ደጋሹም የራሱ ድርሻ አለው። ቀብድ ከፍሎ፣ የሚጀመርበትንና የሚያበቃበትን ሰዓት፣ የመጓጓዣውን ወጪና ቀሪው ክፍያ የሚፈጸምበትን ቀን በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ማስፈር ሁለቱንም ወገን ከጭቅጭቅ ያድናል። በሠርጉ ላይ የተጫወተውን ሰው በስልክ ቀርጾ በማኅበራዊ ሚዲያ ከመልቀቅ በፊትም ፈቃዱን መጠየቅ ተገቢ ነው። ለደጋሹ የአንድ ቀን ማስታወሻ የሆነው ቪዲዮ ለሙዚቀኛው ገና ያልሸጠው ሸቀጥ ሊሆን ይችላልና።