ቴክኒካዊ ብቃት ወይስ የራስ ቀለም? በሜታል ሙዚቃ የቤዝ ጊታር አጨዋወት ላይ ስለሚነሣው ክርክር

በሄቪ ሜታል ሙዚቃ ውስጥ የቤዝ ጊታር ተጫዋች የያዘው ስፍራ ለየት ያለ ነው። ሊድ ጊታሪስቱ በሶሎው፣ ከበሮ መቺው በጉልበቱና በፍጥነቱ፣ ድምፃዊው በጉሮሮው ሲታወቅ፣ ቤዚስቱ ግን ብዙውን ጊዜ መኖሩ የሚታወቀው ድምፁ ሲጎድል ነው። ከዚህ የተነሣ «ጥሩ የሜታል ቤዚስት የሚባለው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ በቀረበ ቁጥር መልስ ሰጪዎች በሁለት ጎራ ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን መመዘኛው ቴክኒካዊ ብቃት ነው ይላል፤ ይኸውም የጣት ፍጥነት፣ የምት ትክክለኛነት፣ ውስብስብ የምት አከፋፈሎችን ያለ እንከን የመወጣት ችሎታ ነው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ፍጥነት በልምምድ የሚገኝ የጋራ ሀብት ስለሆነ ማንንም ከማንም አይለይም፣ ተጫዋችን ከሌላው የሚለየው ገና ጥቂት ኖታዎች እንደተሰሙ ማንነቱን የሚያሳውቀው የራሱ ቀለም ነው ባይ ነው።

ጉዳዩ የአድናቂዎች ሙግት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ተማሪ በምን መስፈርት እንደሚፈተን፣ የስቱዲዮ ባለሙያ የትኛውን ድምፅ አጉልቶ የትኛውን እንደሚቀብር፣ ተመራማሪም አንድን አጨዋወት በምን መሣሪያ እንደሚመዘግብ የሚወስነው ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሳይነገር የሚታለፈው፣ መልስ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክርክሩን ከስሜት አውጥቶ ለማየት ከድምፅ ተፈጥሮ መነሣት ይጠቅማል። በተለመደው ቅኝት የባለአራት አውታር ቤዝ ጊታር ዝቅተኛ ድምፅ 41 ኸርዝ ገደማ ነው፤ የጊታር ዝቅተኛ አውታር ደግሞ የዚህ እጥፍ፣ 82 ኸርዝ ያህል ነው። አንድ ሙዚቃ በደቂቃ 200 ምት እየተጓዘ እያንዳንዱ ምት በአራት ተከፍሎ ቢመታ፣ በሴኮንድ 13 ያህል ኖታዎች ይወጣሉ። ለአንዱ ኖታ የሚደርሰው ጊዜ 75 ሚሊሴኮንድ ነው ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የቤዙ ዝቅተኛ አውታር የሚርገበገበው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ሦስት ርግብግቢት የድምፁን ከፍታ በጆሮ አጥርቶ ለመለየት እጅግ አነስተኛ ነው። ስለሆነም በእንዲህ ያለ ፍጥነት አድማጩን የሚደርሰው በዋናነት ጣት ወይም መምቻ አውታሩን የነካበት ቅጽበትና ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ የሚነሡት ረቂቅ ድምፆች ናቸው።

ከዚህ ስሌት የሚወጣው ውጤት በክርክሩ ላይ ቀላል የማይባል ተጽዕኖ አለው። ፍጥነት በጨመረ መጠን የሚሰማው ነገር ከኖታው ይልቅ ወደ ንክኪውና ወደ ድምፁ ቀለም ያደላል። ተጫዋቹ ፍጥነትን ብቻ ይዞ በሄደ ቁጥር፣ ሳይፈልግም ቢሆን፣ ሁለተኛው ጎራ ወደሚያነሣው ጥያቄ ይመለሳል። በዚህ ላይ የሜታል ጊታር በዲስቶርሽን ታጅቦ መካከለኛውን የድምፅ ክልል ከዳር እስከ ዳር ይሞላል፤ ከታች ደግሞ በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ ይጠብቃል። ቤዚስቱ የሚሰማው በሁለቱ መካከል የሚያልፍበት ቀዳዳ ካገኘ ነው። የራስ ቀለም የሚባለው ነገር በአብዛኛው ቀዳዳውን ለማግኘት የተደረገ ጥረት ውጤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የብላክ ሳባዝ ባንድ ቤዚስት ጊዘር በትለር ለዚህ የመጀመሪያው ምሳሌ ነው። በትለር ወደ ቤዝ የመጣው ከጊታር ነው። የባንዱ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ በወጣትነቱ በፋብሪካ አደጋ የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ አጥቶ ነበር፤ አዮሚ ግራኝ በመሆኑ አውታር የሚጫኑት እነዚያው ጣቶች ናቸው። በ1971 በወጣው «ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ» አልበም ላይ ቅኝቱ ዝቅ ሲደረግ አውታሮቹ ላሉ፣ ድምፁም ከበደ። በትለር ከጊታሩ ጋር አንድ ዓይነት ሐረግ እየተጫወተ፣ አውታሩን እያጎበጠና በሐረጎች መካከል የተተወውን ክፍተት በራሱ ዜማ እየሞላ ተጓዘ። በዛሬው የፍጥነት መለኪያ ቢመዘን የበትለር አጨዋወት ከመካከለኛ ደረጃ አያልፍም። ይሁን እንጂ ከእርሱ በኋላ የመጣ የዝግተኛው ሜታል ቤዚስት ሁሉ የእርሱን ዱካ ሳይረግጥ ማለፍ አልቻለም።

የሞተርሄዱ ሌሚ ኪልሚስተር ደግሞ የሁለተኛው ጎራ ጠበቆች ዘወትር የሚጠሩት ስም ነው። እርሱም በፊት ጊታር ይጫወት ነበር፤ በ1971 ሆክዊንድ ከተባለው ባንድ ጋር ሲቀላቀል ነው ቤዝ የያዘው። ሪከንባከር ቤዙን በማርሻል ማጉያ አድርጎ፣ የታችኛውን ድምፅ ቀንሶ መካከለኛውን አጉልቶ፣ በመምቻ፣ ብዙ ጊዜም ኖታዎችን አንድ በአንድ ሳይሆን በኮርድ እየመታ ይጫወት ነበር። በትምህርት ቤት መስፈርት ከታየ ይህ «ስሕተት» ነው፤ ቤዝ የሚጠበቅበትን የታችኛውን ክልል ትቶ የጊታርን ቦታ ወሰደ ማለት ነው። ነገር ግን በ1975 የመሠረተው ባንድ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሦስት ሰው ብቻ የነበረው፣ አንድ ጊታሪስት ብቻ ያለው ባንድ ነበር። ጊታሪስቱ ወደ ሶሎ ሲወጣ ከኋላው የሚቀረውን ባዶ ቦታ የሚሞላ ሁለተኛ ጊታር አልነበረም። የሌሚ ቀለም ከዚህ ጉድለት የተወለደ መፍትሔ ነው፤ ከባንዱ አውጥቶ በሌላ ባንድ ውስጥ ለመትከል ቢሞከር ትርጉሙን ያጣል።

እስከዚህ የቀረቡት ምሳሌዎች ቀለም ያላቸው ነገር ግን በቴክኒክ ያልተራቀቁ ሰዎች እንዳሉ ያሳያሉ። ይህ ብቻውን ክርክሩን አይፈታም፤ እንዲያውም ሁለቱ ባሕርያት ተቃራኒ ናቸው የሚል የተሳሳተ ስሜት ያሳድራል። የአይረን ሜይደን መሥራች ስቲቭ ሃሪስ ይህን ስሜት ያፈርሰዋል። ሃሪስ የሚጫወተው በመምቻ ሳይሆን በሁለት ጣት ነው፤ እንደ ፈረስ ግልቢያ የሚሰማውን አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ምት በከፍተኛ ፍጥነት፣ በመድረክ ላይ እየሮጠ ጭምር፣ ሳይደክም ለረጅም ጊዜ ይዘልቀዋል። በ1983 የወጣው «ዘ ትሩፐር» ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። ይህ ያለ ጥርጥር ቴክኒክ ነው። ነገር ግን አውታሮቹ ገጻቸው ልሙጥ ሆኖ ሳለ በኃይል ስለሚመታቸው አውታሩ ከፍሬቱ ጋር ሲጋጭ ብረታማ ኳኳታ ይፈጥራል፤ ኳኳታው የእያንዳንዱን ኖታ መነሻ ለጆሮ ይለያል። የግልቢያው ምት እንዲሰማ የሚያደርገው እርሱ ነው። ታዲያ ኳኳታው ቴክኒክ ነው ወይስ ቀለም? በሃሪስ እጅ ላይ ሁለቱን የሚለይ መስመር ማስመር የሚቻል አይመስልም።

ክርክሩ እጅግ የሚከርው ግን በሜታሊካ ታሪክ ላይ ነው። ክሊፍ በርተን በልጅነቱ ፒያኖ የተማረና የባኽን ሙዚቃ የሚወድ ሰው ነበር። በ1983 በወጣው የባንዱ የመጀመሪያ አልበም ላይ አንድ ሙሉ ክፍል ለቤዝ ሶሎ ተሰጥቶታል፤ ዲስቶርሽንና ዋ-ዋ ፔዳል ተጠቅሞ የተጫወተው ይህ ሶሎ ለብዙ ሰው የጊታር ሥራ ይመስላል። በ1984ቱ «ፎር ሁም ዘ ቤል ቶልስ» መግቢያ ላይ የሚሰማው የሚያጉረመርም ሐረግም እንዲሁ ጊታር የሚመስል የቤዝ ድምፅ ነው። በርተን መስከረም 27 ቀን 1986 በ24 ዓመቱ ስዊድን ውስጥ በደረሰ የአውቶቡስ አደጋ ሞተ። በእርሱ ቦታ የተተካው ጄሰን ኒውስተድ በመምቻ የሚጫወት፣ ምቱ የጠበቀ፣ የሪትም ጊታሩን እግር በእግር የሚከተል ብቁ ባለሙያ ነበር።

በ1988 የታተመው «...ኤንድ ጀስቲስ ፎር ኦል» አልበም ከወጣ በኋላ የሆነው ነገር ይታወቃል፦ ቤዙ ከሞላ ጎደል አይሰማም። ለዚህ የሚሰጡት ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ባንዱ ገና በሐዘን ላይ ነበር፤ አዲሱን ሰውም በሙሉ ልብ አልተቀበለውም። ማደባለቁ በተካሄደበት ጊዜ የቤዙ መጠን ዝቅ እንዲል መደረጉም በኋላ በግልጽ የተነገረ ጉዳይ ነው። ከሰው ግንኙነት ውጭ ያለው ምክንያት ግን ለዚህ ጽሑፍ የበለጠ ይጠቅማል። ኒውስተድ ጊታሩ የሚጫወተውን ያንኑ ሐረግ፣ በዚያው ምት፣ በመምቻ ስለተጫወተ ድምፁ ከጊታሩ ድምፅ ጋር ተዋህዶ የራሱን ጠርዝ አጣ። ትክክለኛነቱ በጨመረ ቁጥር ይበልጥ ተሰወረ ማለት ይቻላል። አድልዎ መኖሩ አይካድም፤ ይሁን እንጂ ሰውን መቅበር የቀለለው ድምፁ ከጎረቤቱ ድምፅ ጋር አንድ ሆኖ ስለተገኘ ነው። በርተን በዚያ ወንበር ላይ ቢሆን ኖሮ ማደባለቂያው ፊት የተቀመጠው ሰው ሥራ ይከብድ እንደነበር መገመት አያዳግትም። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1991ዱ አልበም፣ ያው ኒውስተድ ከጊታሩ ተለይቶ የታችኛውን ክልል እንዲይዝ ሲደረግ ድምፁ ወፍሮና ጠርቶ ተሰማ። ሰውየው አልተለወጠም፤ የተለወጠው በቅንብሩ ውስጥ የተሰጠው ስፍራ ነው።

በዴዝ ሜታል ዘርፍ የቴክኒክ ጥያቄ ሌላ መልክ ይይዛል፤ በዚያ ፍጥነት ለመግባት የሚከፈል የበር ዋጋ ነውና። የካኒባል ኮርፕስ ቤዚስት አሌክስ ዌብስተር በሦስት ጣት የሚመታበት ዘዴ የተወለደው የጊታሩን የመምቻ ፍጥነት በጣት ለመድረስ ከመፈለግ ነው፤ ዘዴውንም በማስተማሪያ መጽሐፍ አቅርቦታል። ዘዴ በመጽሐፍ ሊተላለፍ መቻሉ የመጀመሪያው ጎራ ጥንካሬ ነው፦ የሚማሩት፣ የሚለኩት፣ የሚሻሻል ነገር ነው። በአንጻሩ ስቲቭ ዲጆርጆ በ1993 በዴዝ ባንድ «ኢንዲቪጅዋል ሶት ፓተርንስ» አልበም ላይ ፍሬት የሌለው ቤዝ ተጫውቷል። ፍሬት ከሌለ ጣት በፀጉር ስፋት እንኳ ብትስት ቅኝቱ ይበላሻል፤ ስለዚህ በዚያ ፍጥነት መጫወት የላቀ ቴክኒክ ይጠይቃል። ውጤቱ ግን የሚታወሰው ስለ ከባድነቱ ሳይሆን ኖታዎቹ እንደ ሰው ድምፅ እየተንሸራተቱ ስለሚዘምሩ ነው። እዚህ ላይ ቴክኒኩ የተከፈለው ለቀለሙ ሲባል ነው።

ከሁሉም ይልቅ ለጥናት የሚመቸው የኤቲየስት ባንድ ጉዳይ ነው። የባንዱ ቤዚስት ሮጀር ፓተርሰን በ1991 በመኪና አደጋ ሲሞት ለሁለተኛው አልበም የቤዝ ክፍሎቹን አዘጋጅቶ ነበር። በስቱዲዮ የተጫወታቸው ግን ቶኒ ቾይ ነው። ፓተርሰን ራሱ የተጫወተባቸው የሙከራ ቅጂዎችም በኋላ ለሕዝብ ወጥተዋል። አንዱ የደረሰውን ሌላው የተጫወተበት፣ ሁለቱም ቅጂዎች በእጅ የሚገኙበት አጋጣሚ በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ብርቅ ነው። ቾይ ክፍሎቹን መወጣት መቻሉ የቴክኒክን ዋጋ ያሳያል፤ ያለ እርሱ ብቃት የሟቹ ድርሰት በአልበም ላይ አይቀርም ነበር። ሁለቱን ቅጂዎች አከታትሎ የሚሰማ ሰው ግን አንድ ሰው እየሰማ እንዳልሆነ ይገነዘባል።

ይህን ልዩነት ለመመዝገብ የሚሞክር ተመራማሪ የሚገጥመው ችግር መሣሪያው ነው። ኖታም ሆነ የጊታር ታብ የሚጽፉት የድምፅ ከፍታን፣ ርዝመትንና የጣትን ቦታ ነው። የፓተርሰንና የቾይ አጨዋወት በወረቀት ላይ ቢሰፍር በአብዛኛው አንድ ዓይነት ገጽ ይወጣዋል። የሃሪስ ኳኳታ፣ የሌሚ ጉርምርምታ፣ የዲጆርጆ መንሸራተት በገጹ ላይ ቦታ የላቸውም። (በገናን የሚያውቅ አንባቢ ችግሩን በቅርብ ያየዋል፤ ከአውታሩ ስር የሚገባው እንዝራ የሚያወጣው ንዝረት የበገናን ድምፅ በገና ያሰኘ ሆኖ ሳለ አውታሮቹ የተቃኙበት ከፍታ ቢጻፍ ንዝረቱ አይጻፍም።) በወረቀት የሚመዝን ሰው ሁልጊዜ ቴክኒክን ሲያገኝ ቀለምን ግን ያጣል። የመጀመሪያው ጎራ በትምህርት ተቋማት ውስጥ ሲያሸንፍ የሚታየው ክርክሩን ስለረታ ሳይሆን የመለኪያው ባለቤት ስለሆነ ይመስላል።

ለዚህ መውጫ የሚሆን ነገር ፈጽሞ የለም ማለት አይደለም። የንክኪውን ቅጽበት በሞገድ ሥዕል ላይ መለካት፣ የረቂቅ ድምፆቹን ስርጭት በተለያዩ ተጫዋቾች ማነጻጸር፣ አንድን ሐረግ በበርካታ እጆች አስጫውቶ አድማጮች ተጫዋቹን ይለዩ እንደሆነ መፈተን ይቻላል። ፈተናው ሁለት ጊዜ መካሄድ አለበት፦ አንድ ጊዜ ቤዙ ብቻውን፣ ሌላ ጊዜ ከዲስቶርሽን ጊታሮችና ከከበሮው ጋር ተደባልቆ። ብቻውን ሲሰማ የሚለይ ተጫዋች በድብልቁ ውስጥ ሊጠፋ ይችላልና፤ ኒውስተድን ያጋጠመው ይኸው ነበር።