የባህሪ ትንተና ትምህርት ጥራት በመምህራኑ ብቃት ይለካል

የአንድ የባህሪ ትንተና የድህረ ምረቃ ፕሮግራም ጥራት የሚመዘነው በዲግሪው ስም ሳይሆን ትምህርቱን በሚሰጡትና የተግባር ልምምዱን በሚከታተሉት መምህራን ሙያዊ ብቃት መሆኑን የዘርፉ ታሪክ ያሳያል።

የባህሪ ትንተና የሰው ባህሪ ከአካባቢው ጋር ባለው ግንኙነት እንዴት እንደሚፈጠርና እንደሚለወጥ የሚያጠና ሳይንስ ነው። በአብዛኛው የሚታወቀው ኦቲዝም ላለባቸው ሕፃናት በሚሰጠው አገልግሎት ቢሆንም በትምህርትና በሥራ አመራር መስኮችም ያገለግላል።

ዘርፉ የፅንሰ ሐሳብ፣ የቤተ ሙከራ ምርምርና የተግባር ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ የመምህራኑ ስብስብ ሦስቱንም ማሟላት ይጠበቅበታል። ተግባሩን ብቻ የሚያውቅ መምህር ዘዴው ለምን እንደሚሠራ ማስረዳት ይቸግረዋል። በቤተ ሙከራ ብቻ የቆየውም ራሱን በሚጎዳ ሕፃን ፊት የቆመ ሠልጣኝን ለመምራት ልምዱ አይኖረውም።

በአሜሪካ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተሞክሮ ለዚህ ተጠቃሽ ነው። በዩኒቨርሲቲው ያስተማሩት ዶናልድ ቤር፣ ሞንትሮዝ ዎልፍና ቶድ ሪስሊ እ.ኤ.አ በ1968 ባሳተሙት ጽሑፍ የተግባራዊ የባህሪ ትንተናን ሰባት መለኪያዎች አስቀምጠዋል።

ዎልፍና ሪስሊ መለኪያዎቹን ከማውጣታቸው በፊት በተግባር የተፈተኑ ባለሙያዎች ነበሩ። ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ በ1964 ባሳተሙት ጥናት፣ መነጽር ካላደረገ የማየት ችሎታውን ሊያጣ የሚችል ኦቲዝም ያለበትን የሦስት ዓመት ተኩል ሕፃን ረድተዋል። መነጽሩን ሲይዝ፣ ቀጥሎም ወደ ዓይኑ ሲያቀርብ ደረጃ በደረጃ ማበረታቻ በመስጠት በቀን 12 ሰዓት ያህል እንዲያደርገው አስችለዋል።

ብቃት በጎደለበት የሚደርሰው ጉዳት ግን ከባድ ነው። እ.ኤ.አ በ1972 በፍሎሪዳ ግዛት ማያሚ ከተማ፣ ሰንላንድ በተባለ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች በሚኖሩበት ተቋም ውስጥ ባህሪን በማሻሻል ስም በነዋሪዎች ላይ በደል ሲፈጸም መቆየቱ ተጋልጧል። ሠራተኞቹ በቂ ሥልጠናና ክትትል አልነበራቸውም።

ግዛቱ ከዚያ በኋላ የባለሙያዎች ምዘና ሥርዓት ዘርግቷል። እ.ኤ.አ በ1998 የተቋቋመው የባህሪ ተንታኞች የምስክር ወረቀት ቦርድም መነሻው ይኸው ተሞክሮ ነው። ቦርዱ እ.ኤ.አ ከ2022 ጀምሮ ተግባራዊ ባደረገው መስፈርት መሠረት አመልካቾች ከሁለተኛ ዲግሪ በተጨማሪ 2,000 ሰዓት፣ ክትትሉ ሲጠብቅ ደግሞ 1,500 ሰዓት የተግባር ልምምድ ማጠናቀቅ አለባቸው።

ይሁንና ቦርዱ እ.ኤ.አ ከ2023 ጀምሮ ከጥቂት አገሮች ነዋሪዎች በስተቀር አዲስ አመልካቾችን መቀበል አቁሟል። ውሳኔው ኢትዮጵያንም ይመለከታል። እ.ኤ.አ በ2002 በወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከተመሠረተው የጆይ ኦቲዝም ማዕከል ወዲህ የአገልግሎቱ አስፈላጊነት ይበልጥ እየታወቀ ቢመጣም፣ በአገር ውስጥ የሚኖር ባለሙያ ይህን ምስክር ወረቀት በአዲስ ማመልከቻ ማግኘት አይችልም።

በመሆኑም ባለሙያ የሚቀጥሩ፣ ሠራተኛ ለትምህርት የሚልኩ ወይም ፕሮግራም የሚገመግሙ መሥሪያ ቤቶች ኃላፊነታቸው ከፍ ይላል። ትምህርቱን የሰጡት እነማን ናቸው? ራሳቸው ምን ተመራምረዋል? ሠልጣኙን በሥራ ላይ ማን፣ ለምን ያህል ሰዓት ተከታተለው? ለእነዚህ ጥያቄዎች በማስረጃ የተደገፈ መልስ ማግኘት፣ የአገልግሎቱ ተጠቃሚ የሆኑትን ሕፃናት ከጉዳት ለመጠበቅ የሚወሰድ የመጀመሪያ እርምጃ ነው።