የብርና የናቅፋ ምንዛሪ ታሪክ ለነጋዴ የሚሰጠው ትምህርት

የአንድ አገር ገንዘብ ከጎረቤቱ ገንዘብ ጋር አንድ ለአንድ ይመነዘራል ተብሎ ቢታወጅ፣ ቃሉ የሚጸናው ሻጭ የተቀበለውን ገንዘብ መልሶ ለሚፈልገው ነገር ሊያውለው ሲችል ነው። ይህ ካልተቻለ ተመኑ በወረቀት ላይ የተጻፈ ቁጥር ብቻ ሆኖ ይቀራል። የኢትዮጵያ ብርና የኤርትራ ናቅፋ ታሪክ ለዚህ ነገር በቂ ምስክር ነው።

የኢትዮጵያ ብር በአዲስ ሕግ የቆመው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው። በውጭ አገር ቋንቋ የኢትዮጵያ ዶላር ይባል እንጂ በአማርኛ ያን ጊዜም ስሙ ብር ነበር፤ በ1969 ዓ.ም. በሌላውም ቋንቋ ብር እንዲባል ተደረገ። ሲጀመር አንዱ ብር በ2 የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ተተመነ። 20 ሽልንግ አንድ የእንግሊዝ ፓውንድ ስለ ሆነ 10 ብር የአንድ ፓውንድ ልክ ነበር። ፓውንዱም በዚያን ጊዜ 4 የአሜሪካ ዶላር ከ3 ሳንቲም ያወጣ ስለ ነበር ለአንድ ዶላር የሚከፈለው 2 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ ሆነ። በ1942 ዓ.ም. መጀመሪያ ፓውንድ ወደ 2 ዶላር ከ80 ሳንቲም ሲወርድ ብር አብሮ ስላልወረደ፣ በ10 ብር ይገዛ የነበረው ፓውንድ በ7 ብር ገደማ ተገኘ። ከእንግሊዝ ዕቃ ለሚያስመጣ ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነበር።

በኤርትራ በእንግሊዝ አስተዳደር ጊዜ ይሠራበት የነበረው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነው። በ1945 ዓ.ም. አገሪቱ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትቀላቀል ሽልንጉ ቀርቶ በብር ተተካ። ከዚያ ወዲህ 45 ዓመት ያህል የአስመራና የአዲስ አበባ ነጋዴ በአንድ ገንዘብ ተገበያየ፤ ኤርትራ በግንቦት 1985 ዓ.ም. ነጻነቷን ካወጀች በኋላም በብር መጠቀሟን ቀጥላ ነበር። ብሩ ለብዙ ዘመን በዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ሆኖ ከቆየ በኋላ በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ 5 ብር፣ ቀጥሎም ቀስ በቀስ ወደ 7 ብር ገደማ ደረሰ።

በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ኤርትራ ናቅፋ የተባለውን የራሷን ገንዘብ አወጣች፤ ስሙም በሳህል ከምትገኘው ከተማ የተወሰደ ነው። የኤርትራ መንግሥት ናቅፋ ከብር ጋር አንድ ለአንድ እንዲመነዘርና ሁለቱም ገንዘቦች በሁለቱም አገሮች እንዲሠራባቸው ፈለገ። የኢትዮጵያ መንግሥት ግን ሁለቱ አገሮች በየራሳቸው ገንዘብ የሚተዳደሩ ስለ ሆነ ንግዳቸው እንደ ማንኛውም የውጭ ንግድ ይካሄድ አለ። ይኸውም ክፍያው በውጭ ምንዛሪና በባንክ መተማመኛ ሰነድ፣ ማለት ነጋዴው ኤል ሲ በሚለው፣ እንዲሆን ነው። ከዚህ ውጭ የተፈቀደው እስከ 2,000 ብር የሚደርስ የጠረፍ ንግድ ብቻ ነበር። በዚሁ ጊዜ ኢትዮጵያ አዲስ የብር ኖቶች አሳትማ የቀድሞዎቹን ከሥራ አወጣች።

የዚህ ውጤት በገበያ ላይ ወዲያው ታየ። ትናንት በኪሱ ብር ይዞ ጤፍና ማሽላ ይጭን የነበረው ነጋዴ ዶላር መፈለግና ባንክ ደጅ መጥናት ግድ ሆነበት። ንግዱ ቀዘቀዘ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት በተነሣ ጊዜ ድንበሩ ተዘጋ፤ በአሰብ ወደብ ያልፍ የነበረው የኢትዮጵያ ጭነትም ወደ ጅቡቲ ዞረ። የጦርነቱ ምክንያት ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ ሆኖም የምንዛሪው ክርክር የሁለቱን መንግሥታት ግንኙነት ካሻከሩት ነገሮች አንዱ እንደ ነበረ የታወቀ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ገንዘቦች በየመንገዳቸው ሄዱ። ናቅፋ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ ተመን ለአንድ ዶላር 15 ናቅፋ ያህል ሆኖ ተወሰነ። ብር ግን እየወረደ ሄደ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የዛላምበሳ በር ለጥቂት ወራት በተከፈተ ጊዜ ዶላር 27 ብር አልፎ ነበር፤ ስለዚህ በባንክ ተመን ሲሰላ አንድ ናቅፋ 1 ብር ከ80 ሳንቲም ያህል ያወጣ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የምንዛሪውን ዋጋ ለገበያ በለቀቀች ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። አንድ ለአንድ የተባለው ናቅፋ በይፋ ስሌት ከ6 ብር በላይ ዋለ ማለት ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ስሌት ናቅፋ ይዞ ብር የሚመነዝር የባንክ መስኮት አልነበረም፤ ቁጥሩ ለንጽጽር እንጂ ለመገበያያ አላገለገለም።

ከዚህ ታሪክ ነጋዴው የሚያተርፈው ምክር ግልጽ ነው። ከጎረቤት አገር ጋር ውል ከመፈራረም በፊት ሦስት ነገር ተለይቶ ሊጻፍ ይገባል፤ ክፍያው በየትኛው ገንዘብ እንደሚፈጸም፣ ተመኑ የየትኛው ቀንና የየትኛው ባንክ እንደ ሆነ፣ በውሉና በክፍያው ቀን መካከል ተመኑ ቢለወጥ ጉዳቱ የማን እንደ ሆነ። እነዚህ ካልተጻፉ ዕቃው በሰላም ቢደርስም ትርፉ በመንገድ ሊቀር ይችላል።