በትምህርት ቤት ስፖርት ሜዳ የሚደርስ ድንገተኛ የልብ መቆም፦ ከዲፊብሪሌተር በፊትና በኋላ

ሰኔ 19 ቀን 1995 ዓ.ም. በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ ካሜሩንና ኮሎምቢያ ባደረጉት የኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ፣ በ72ኛው ደቂቃ ማርክ ቪቪየን ፎዬ ማንም ሳይነካው ሜዳው ላይ ወደቀ፤ ሕይወቱንም ማትረፍ አልተቻለም። በአስከሬን ምርመራ የተገኘው የልብ ጡንቻ መወፈር ነበር። ሰኔ 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ ዴንማርካዊው ክርስቲያን ኤሪክሰን በኮፐንሃገን ሲወድቅ፣ ወዲያው ደረቱ እየተገፋ በዲፊብሪሌተር አንድ ጊዜ ተመትቶ ነፍሱን አወቀ።

ይህን ወደ ውጫሌ ስናመጣው ጥያቄው ይከብዳል። የአምባሰል ወረዳ ርዕሰ ከተማ ውጫሌ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች፤ ልቡ የቆመ ተማሪን ደሴ ሆስፒታል ለማድረስ የሚወስደው ጊዜ ግን ልብ ከምትታገሠው ጊዜ እጅግ ይበልጣል። የደረት ግፊትም ሆነ የኤሌክትሪክ ምት ካልተደረገ የመዳን ዕድል በየደቂቃው ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳልና። ስለዚህ ሕክምናው የሚጀመረው ሜዳው ላይ ነው፤ ጀማሪውም አብዛኛውን ጊዜ የስፖርት መምህሩ ነው።

ዲፊብሪሌተር የቆመን ልብ እንደ ሞተር የሚያስነሳ መሣሪያ አይደለም። ይህ የተሳሳተ እምነት በባለሙያዎችም ዘንድ ይታያል። መሣሪያው የሚጠቅመው የታችኞቹ የልብ ክፍሎች ያለ ሥርዓት ሲንቀጠቀጡ፣ ማለትም በቬንትሪኩላር ፊብሪሌሽን፣ ወይም የልብ ትርታ በማይዳሰስበት ቬንትሪኩላር ታኪካርዲያ ጊዜ ነው፤ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴው ፈጽሞ ለጠፋ ልብ አይረዳም። አውቶማቲኩ ዓይነት ምቱን ራሱ መርምሮ ስለሚወስን በአጭር ሥልጠና መምህር ሊጠቀምበት ይችላል።

ትልቁ ስሕተት የሚፈጸመው ግን መሣሪያው ከመምጣቱ በፊት ነው። ልቡ የቆመ ወጣት ለአጭር ጊዜ ሊንቀጠቀጥ፣ አልፎ አልፎም ሊያቃስትና አየር ሊስብ ይችላል። ያየው ሁሉ የሚጥል በሽታ ነው ብሎ ክብሪት ጭሮ ያሸተዋል፣ ውኃ ይረጭበታል፤ ውድ ደቂቃዎችም ያልፋሉ። ማንም ሳይነካው የወደቀና የማይመልስ፣ ትንፋሹም ጤናማ ያልሆነ ስፖርተኛ ልቡ እንደቆመ ተቆጥሮ ደረቱ ይገፋ። ግፊቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ጥልቀቱ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ደረቱ በየግፊቱ መካከል ሙሉ በሙሉ እንዲመለስ መተው አለበት። የሰለጠነ ሰው ካለ በየ30 ግፊቱ 2 ትንፋሽ ይሰጣል። ዲፊብሪሌተር ከተገኘም ላብና አቧራ ከደረት ላይ ተጠርጎ ሰሌዳዎቹ ይለጠፋሉ፤ ከምቱ በኋላ ትርታ ለመፈለግ ጊዜ ሳይባክን ግፊቱ ይቀጥላል።

መሣሪያው በእርዳታ ቢገኝ እንኳ ባትሪውና ሰሌዳዎቹ የአገልግሎት ዘመናቸው የተወሰነ ነው፤ ተከታታይ በጀት የሌለው ዲፊብሪሌተር ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቁም ሣጥን ጌጥ ሆኖ ይቀራል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የወሎ ጤና ተቋማት መዘረፋቸውን ለሚያስታውስ ባለሙያ፣ መሣሪያን ማቆየት ከማግኘት እንደማያንስ መንገር አያስፈልግም።

በመከላከሉ በኩል ጣሊያን ጥሩ ምሳሌ ናት። በቬኔቶ ግዛት የግዴታ ምርመራ ከተጀመረ በኋላ፣ ኤሌክትሮካርዲዮግራምን ጨምሮ፣ በወጣት ስፖርተኞች ላይ የሚደርሰው ድንገተኛ የልብ ሞት በ89 በመቶ መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሟል። ይህ ለእኛ ወረዳዎች ዛሬ የሚቻል አይመስለኝም። የሚቻለው ግን ትንሽ አይደለም፦ ሲሮጥ ራሱን ስቶ ያውቃል? ደረቱን ያመዋል? ከእኩዮቹ በተለየ ትንፋሽ ያጥረዋል? ከቤተሰቡ 50 ዓመት ሳይሞላው በድንገት የሞተ አለ? ከዚያም ስቴቶስኮፕ። ተማሪው ቁጢጥ ካለበት ሲነሳ የሚጎላ የልብ ማጉረምረም የጡንቻ መወፈርን ያስጠረጥራል።

በአገራችን ግን ስቴቶስኮፑ ቶሎ የሚያገኘው ሌላ ነገር ነው፦ በሩማቲክ ትኩሳት የተጎዳ የልብ በር። የጠበበ ሚትራል በር ያለው ተማሪ በእረፍት ጊዜ ደኅና መስሎ በሩጫ ጊዜ ሳንባው ውኃ ሊቋጥር ይችላል። እንዲህ ያለው ልጅ የልብ አልትራሳውንድ እስኪታይ ከውድድር ይቆይ፤ በሽታው ከተረጋገጠም በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን እንዳይቋረጥ ጤና ጣቢያው ከትምህርት ቤቱ ጋር መዝገብ ይያዝ። ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ መርፌው እንዳይቋረጥ ቀጠሮው ከሰኔ በፊት ለወላጅ በጽሑፍ ይሰጥ።