ወርቅ ቀይ ሲሆን

በወባ ፈጣን መመርመሪያ ላይ የደም ጠብታና ማጠቢያ ፈሳሽ ከተደረገ ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ ቀይ መስመር ብቅ ይላል። ብዙዎቻችን ቀለሙ ከደሙ የመጣ ይመስለናል። ነገር ግን በአብዛኞቹ መመርመሪያዎች መስመሩን የሚሠራው ወርቅ ነው። ቢጫው ወርቅ እንዴት ሊቀላ ቻለ? ይህን ከዚህ ቀጥለን እንመለከታለን።

በወርቅ ውስጥ ነፃ ኤሌክትሮኖች እንዳሉ ይታወቃል። ወርቁ ስፋታቸው 40 ናኖሜትር ያህል ወደሆነ ቅንጣቶች ሲለወጥ ኤሌክትሮኖቹ በጠባብ ክልል ይታጠራሉ። የብርሃን ኤሌክትሪካዊ መስክ ወደ አንድ ወገን ሲገፋቸው፣ የቀረው ፖዘቲቭ ሙል መልሶ ይስባቸዋል፤ ስለዚህ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛሉ። ዥዋዥዌ በራሱ ምት ልክ ሲገፋ ከፍ እንደሚል ሁሉ፣ ይህም ውዝዋዜ የሚያይለው የሞገድ ርዝመቱ በ520 ናኖሜትር አካባቢ በሆነ አረንጓዴ ብርሃን ነው። አረንጓዴው ሲዋጥ ቀዩ ያልፋል። ክስተቱ የገጽታ ፕላዝሞን ሬዞናንስ ይባላል። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1857 የቀይ ወርቅ ፈሳሽን ባሕርይ አጥንቶ አቀረበ፤ ጉስታቭ ሚ ደግሞ በ1908 ስሌቱን አሳተመ።

በመመርመሪያው ውስጥ ቅንጣቶቹ አንቲቦዲ ለብሰው ይጠብቃሉ። አንቲቦዲው ኤችአርፒ-2 የተባለውን የወባ ተውሳክ ፕሮቲን ይይዛል። በመስመሩ ላይ የተተከለው ሌላ አንቲቦዲ ያንኑ ፕሮቲን ጨብጦ ወርቁን ያስቀረዋል። ቅንጣቶቹ ሲከማቹ በዓይናችን እናያቸዋለን።

እንግዲህ ወርቁ የሚመሰክረው ለፕሮቲኑ እንጂ ለተውሳኩ አይደለም። ፕሮቲኑ ከሌለ መስመሩም የለም። በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በአለርት ግቢ የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ የተከሰተውን የወባ ወረርሽኝ ሲያጠኑ ኤችአርፒ-2ን የሚያስገኘው ጂን የጎደላቸው ተውሳኮችን አግኝተዋል። ቀደም ሲል በ2021 የታተመና 12,572 ሰዎችን ያካተተ ሌላ ጥናት፣ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን ጋር በምንዋሰንባቸው አካባቢዎች በኤችአርፒ-2 ላይ የተመሠረቱ መመርመሪያዎች በዚህ ጉድለት ሳቢያ 9.7 በመቶ የፋልሲፓረም ወባን እንደሚስቱ ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት መጠኑ ከ5 በመቶ ሲያልፍ መመርመሪያው እንዲለወጥ ይመክራል።

ለዚህ መፍትሔው ወርቁን መተው አይደለም። ተውሳኩ ለኑሮው የግድ የሚያስፈልገውን ፒኤልዲኤች የተባለ ፕሮቲን የሚይዝ አንቲቦዲ ብናለብሰው፣ ያው ወርቅ በዚያው አረንጓዴ ብርሃን ያንኑ ቀይ መስመር ይጽፋል። የፊዚክስ ተማሪ ስለ ቅንጣቱ፣ የባዮሎጂ ተማሪም ስለ ተውሳኩ ያውቃል፤ ትኩሳት ይዞት ጤና ጣቢያ ለሚመጣው ሕመምተኛ ግን የሁለቱም ዕውቀት ያስፈልገዋል።