ለሌባ የተዘረጋ ሽቦ ማንን ይይዛል?

አቃቂ በሰቃ ግቢውን የሚያሳጥር ሰው፣ ብሎኬቱ ተደርድሮ ሲያልቅ ከግንበኛው አንድ ጥያቄ አይቀርለትም፤ «ጫፉ ላይ ጠርሙስ እንሰካ ወይስ ሽቦ ይዙርበት?» ሌባ የተመላለሰበት ባለቤት ግን በዚህ ብቻ ላይረካ ይችላል። ከቤቱ መስመር ገመድ ስቦ የአጥሩን ሽቦ ኤሌክትሪክ ለማስያዝ ያስባል፣ ምስማር የተመታበት ጣውላ ከበሩ ሥር ያነጥፋል፣ ወይም በሩ ሲከፈት የሚጥሚጣ ዱቄት ፊት ላይ የሚበትን ነገር ይሠራል።

ንዴቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የውሃ ቆጣሪ ተነቅሎ ሲሄድ፣ የሮቶው ፓምፕ ሲጠፋ፣ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ የተቀመጠ ጫማ በማግስቱ ሲታጣ ሰው ይመረዋል። አሁን ደግሞ በቴሌግራም የታዘዘ ዕቃ አለ፤ ሞተረኛው ይዞ መጥቶ ስልክ የሚያነሳለት ሲያጣ በር ሥር አስቀምጦት ይሄዳል። አሜሪካ ውስጥ ደጃፍ ላይ የተተወ ጥቅል መስረቅ ራሱን የቻለ የሌብነት ዓይነት ሆኗል። እኛ ዘንድ ዕቃው አብዛኛውን ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚተላለፍ ነገሩ ያን ያህል አልገነነም። ጥያቄው ግን አንድ ነው፤ ሌባው በወጥመዱ ቢቆስል ወይም ቢሞት ተጠያቂው ማን ነው?

ብዙ ሰው «ማን ግባ አለው?» ብሎ ይዘጋዋል። ሕጉ እንዲህ በቀላሉ አይዘጋውም።

ሕጉ ባለንብረቱን እጅህን አጣጥፈህ ተቀመጥ እንደማይለው አስቀድሞ መናገር ተገቢ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1148 ላይ ባለይዞታው ንብረቱን የሚነካበትን ሰው በኃይል መመለስ እንደሚችል ይደነግጋል። ንብረቱ በኃይል ወይም በስውር ከተወሰደበትም፣ ሌባውን እዚያው ሲሰርቅ ወይም ይዞ ሲሸሽ ደርሶበት ወዲያውኑ ማስጣል ይችላል። ነገር ግን ያው አንቀጽ ሁኔታው ከሚጠይቀው ያለፈ ኃይል እንዳይጠቀም ይከለክለዋል። አከራካሪው ነገር ሁሉ ያለው እዚህች ልክ ላይ ነው።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፤ የሚጠብቀውም ሕይወትን ብቻ ሳይሆን በሕግ የተጠበቀን መብት ሁሉ ስለሆነ ንብረት አልተረሳም። ይሁን እንጂ ጥቃቱ የደረሰ ወይም በቅርብ የሚደርስ መሆን አለበት። በሌላ መንገድ ሊገታ የማይችል መሆን አለበት። መከላከያውም ከአደጋው ክብደትና ከሚጠበቀው ጥቅም ጋር መመጣጠን አለበት። ሌሊት በስምንት ሰዓት ቢላዋ ይዞ መኝታ ቤት የገባን ሰው በዱላ የመታ አባወራ እነዚህን ነጥቦች ዳኛ ፊት ቆሞ ማስረዳት ይችላል። ማን እንደመጣ አይቷል፣ የያዘውን አይቷል፣ መሸሽ ወይም መጮህ እንደማያዋጣ መዝኗል።

ሽቦ ይህን ሁሉ አያደርግም። ባለቤቱ ለሠርግ ወሎ ሄዶ ሳለ ሽቦው አቃቂ ሆኖ ሰው ይገድላል። አጥሩን የነካው የታጠቀ ወንበዴ ይሁን ኳሱን ተከትሎ የወጣ የጎረቤት ልጅ፣ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሠራተኛ ይሁን እሳት ሊያጠፋ የዘለለ ሰው፣ ለሽቦው ሁሉም ያው ነው። በእኔ አስተያየት በወጥመድ የደረሰን ጉዳት በሕጋዊ መከላከል ስም መከራከሪያ ማድረግ እጅግ አስቸጋሪ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሕጉ የሚጠይቀው ምዘና በጥቃቱ ሰዓት መደረግ ሲኖርበት፣ ወጥመዱን የዘረጋው ሰው ግን ፍርዱን የሰጠው ከሳምንታት በፊት፣ ማን እንደሚመጣ ሳያውቅ ነው።

«ልገድል አላሰብኩም፣ ላስፈራራ ብዬ ነው» የሚለው ቃልም የሚታሰበውን ያህል አያድንም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 58 አስቦ ማድረግን ሲተረጉም ውጤቱን ፈልጎ የሠራውን ብቻ አይደለም የሚይዘው። ድርጊቱ የሚያስቀጣ ውጤት ሊያመጣ እንደሚችል እያወቀ «የመጣው ይምጣ» ብሎ የገባበትም አስቦ እንዳደረገ ይቆጠራል። የግድግዳ ሶኬት ውስጥ ያለው 220 ቮልት ሰው እንደሚገድል የማያውቅ አዋቂ ማግኘት ይከብዳል።

ስለዚህ በዚህ ሽቦ ሰው ቢሞት ዐቃቤ ሕግ በአንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያ ብሎ ሊከስ ይችላል፤ ቅጣቱ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ፍርድ ቤቱ ነገሩን ከልክ ያለፈ መከላከል አድርጎ ከተቀበለው ወደ አንቀጽ 541 ይወርድና እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ይሆናል። በቸልተኝነት ነው ከተባለ ደግሞ አንቀጽ 543 አለ። ሌባው ራሱ በሕይወት ተይዞ ቢቀርብ በተራ ስርቆት፣ በአንቀጽ 665፣ የሚደርስበት ከፍተኛው ቅጣት 5 ዓመት ጽኑ እስራት ነበር። ሚጥሚጣው ዓይን ካጠፋም የጉዳዩ ቀልድነት ያበቃል፤ አንቀጽ 555 ለከባድ የአካል ጉዳት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀምጣል።

ከእስራቱ ሌላ ካሣ አለ፤ እዚህ ላይ ደግሞ ሕጉ ለባለቤቱ ይበልጥ ጠንካራ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2067 በሥራው የሌላውን ሰው አካል የጎዳ ሰው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ካሣ እንዲከፍል ያዛል። ማምለጫዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ድርጊቱ በሕግ የታዘዘ ከሆነ፣ በሕጋዊ መከላከል የተፈጸመ ከሆነ፣ ወይም ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ በተጎጂው ጥፋት የመጣ ከሆነ። የባለቤቱ ጠበቃ በመጨረሻው ላይ እንደሚንጠለጠል ግልጽ ነው። ችግሩ ሌባው የራሱ ጥፋት ቢኖርበትም ሽቦውን የዘረጋው እሱ አለመሆኑ ነው። ይልቅ የሚቀርበው አንቀጽ 2098 ነው፤ ጉዳቱ በከፊል በተጎጂው ጥፋት ከመጣ ካሣው ይቀነሳል። ሌባ ከሆነ ብዙ ሊቀነስበት ይችላል። ኳሱን ፍለጋ በወጣው ልጅ ላይ ግን ምን ይቀነስበታል?

አንቀጽ 2069ንም ማየት ይጠቅማል። ፈንጂ ወይም መርዝ በማስቀመጥ፣ ከፍተኛ ኃይል ያለው የኤሌክትሪክ መስመር በመዘርጋት፣ የመሬትን አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ካልተለመደ አደጋ ላይ የጣለ ሰው፣ አደጋው ሲደርስ ኃላፊ ነው ይላል። የቤት መስመር ከፍተኛ ኃይል ነው አይባልም፤ ሆኖም ጉድጓድ ቆፍሮ በሣር የሸፈነ ወይም ለሌባ ብሎ መርዝ ያስቀመጠ ሰው ከዚህ አንቀጽ ብዙም አይርቅም።

ተጎጂው ከሞተ የትዳር ጓደኛው፣ ወላጆቹና ልጆቹ በእሱ ሞት የደረሰባቸውን የገንዘብ ጉዳት በአንቀጽ 2095 መሠረት በራሳቸው ስም መጠየቅ ይችላሉ። ለሐዘናቸው የሚከፈለው የሕሊና ካሣ ግን ሕጉ ላይ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። በ1952 ዓ.ም. ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ለቅሶ ለመድረስ ከአቃቂ ሜክሲኮ ተመላልሶ ምሳ ለበላ ሰው የሚተርፈው አይኖርም። ከባዱ ዕዳ ያለው የሕክምና ወጪውና የቀረው ገቢ ላይ ነው። በወንጀሉ ነጻ የወጣ ሰውም ከካሣው አምልጫለሁ ብሎ አይተኛ፤ አንቀጽ 2149 የካሣውን ጉዳይ የሚያይ ፍርድ ቤት በወንጀል ችሎቱ የነጻ መውጣት ውሳኔ እንደማይታሰር ይናገራል።

ይህ ክርክር በሌላ አገር ረጅም ዕድሜ አለው። በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል አጠገብ አንድ ሰው ውድ የቱሊፕ አበባ ይተክል ነበር። ሌባ ስላስቸገረው አትክልቱ ውስጥ ሽቦ ሲነካ የሚተኩስ ጠመንጃ አጠመደ፤ ሌባው እንዲያዝለት ብሎም የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ሳያኖር ቀረ። የመጣው ግን ሌባ አልነበረም። የጎረቤት ፒኮክ አምልጦ ገብቶ ኖሮ፣ ያንን ሊይዝ የዘለለ የ19 ዓመት ወጣት ጉልበቱን ተመታ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1828 ለወጣቱ ፈረደለት። ፓርላማው ደግሞ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ እንዲህ ያለውን ጠመንጃ ማጥመድ በሕግ ከልክሎ ነበር።

አሜሪካ፣ አዮዋ ክፍለ ግዛት፣ የሆነው ለሌባው ወገን እንኳ ያደላ ይመስላል። ብራይኒ የሚባሉ ባልና ሚስት ሰው የማይኖርበት የገጠር ቤት ነበራቸው። በተደጋጋሚ ሲሰበርባቸው «መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተከሉ፤ አልሆነም። በመጨረሻ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ጠመንጃ አስረው በሽቦ ከበሩ እጀታ ጋር አገናኙት። ባልየው መጀመሪያ ወደ ሆድ አነጣጥሮት ነበር፤ ወደ እግር ዝቅ እንዲደረግ ያሳሰበችው ሚስቲቱ ናት። እ.ኤ.አ. በ1967 ካትኮ የተባለ ሰው አሮጌ ጠርሙስና ማሰሮ ለመውሰድ ገብቶ እግሩን ተመታና 40 ቀን ሆስፒታል ተኛ። በስርቆቱ 50 ዶላር ተቀጣ። ባልና ሚስቱ ግን 30,000 ዶላር ክፈሉ ተባሉ፤ የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1971 ፍርዱን አጸናው። ለመክፈል ከ120 ኤከር መሬታቸው 80ውን መሸጥ ግድ ሆነባቸው። ዳኞቹ የያዙት ነጥብ ለእኛም ሕግ ባዕድ አይደለም፤ ቆመህ ልታደርገው የማይፈቀድልህን፣ ሰው በሌለበት ቤት ዕቃ ስታጣ ብቻ መተኮስን፣ ለመሣሪያ ልታስደርገው አትችልም።

ታዲያ አጥር ላይ የተሰካው ጠርሙስስ? እዚህ ላይ የሚታይና የተደበቀ ነገር ይለያያል። ጠርሙስና እሾሃማ ሽቦ ከሩቅ ይታያሉ፤ «አትምጣ» ይላሉ፣ አልሰማ ብሎ የወጣው እጁን ይቆርጣል እንጂ በአብዛኛው ሕይወቱን አያጣም። ስለዚህ ከፍ ካለ ግንብ ጫፍ ላይ ከሆነና መንገደኛ የማይነካው ከሆነ እንደ ምክንያታዊ ጥንቃቄ ሊታይ ይችላል። በልጅ ቁመት ላይ የተጠመጠመ ሬዘር ሽቦ ግን ሌላ ነገር ነው።

በባለሙያ የሚገጠመው የኤሌክትሪክ አጥርም ከቤት መስመር ከተሳበው ሽቦ ጋር አንድ አይደለም። የራሱ ማሽን አለው፤ ቮልቱ ብዙ ሺህ ቢሆንም የሚለቀው በሰከንድ አንዴ ገደማ፣ ለቅጽበት ብቻ ስለሆነ የነካው ሰው ደንግጦ እጁን ይነቅላል። ከሶኬት የተሳበው ግን አይቋረጥም። ጡንቻን ስለሚያኮማትር የጨበጠው እጅ አይለቅም፤ ክረምት ላይ ቆዳና አፈር ሲረጥቡ ደግሞ ይብሳል። ማሽን ያለውም ቢሆን ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል። አቃቂ ላይ ጽሑፉ በአማርኛም በኦሮምኛም ቢሆን፣ ፊደል ላልቆጠረው ልጅ ደግሞ የመብረቅ ሥዕል ቢጨመርበት ጥሩ ነው።

«ከውሻ ይጠንቀቁ» የሚለውም ሰሌዳ ሙሉ ከለላ አይሰጥም፤ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፣ ድንገት አምልጦ ቢሆንም።

መብራት፣ ካሜራ፣ ደወል፣ ዕቃውን ከሞተረኛው የሚቀበል ዘበኛ ይህ ሁሉ ጣጣ የለባቸውም። አሜሪካዊው መሐንዲስ ማርክ ሮበር እ.ኤ.አ. በ2018 ሌባ ሲከፍተው የሚያብረቀርቅ ብናኝና መጥፎ ሽታ የሚለቅ ጥቅል ሠርቶ ዓለምን አስቋል፤ ሰውን እስካልጎዳ ድረስ ከሽቦው ይሻላል፣ ግን እሱንም ቢሆን ለልጅ ዓይን አላምነውም። ካሜራ የያዘውን ፊት ደግሞ ለፖሊስ መስጠት እንጂ በሰፈሩ ቴሌግራም መለጠፍ አይበጅም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ ማሳየትን ይከለክላል፤ ለፍትሕና ለፖሊስ ሥራ ሲሆን ግን ይፈቀዳል። ሰውዬው ሌባ ካልሆነ ደግሞ የስም ማጥፋት ክስ ይከተላል።

እጅ ከፍንጅ የተያዘን ሌባ ማንም ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝ ይችላል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይህን ፈቅዶ፣ ሳይዘገይ ለፖሊስ እንዲያስረክበው ያዛል። ተይዞ ከቆመ በኋላ ጥቃቱ አብቅቷል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያርፍበት ዱላ መከላከል አይባልም።

አንድ ሰው በሽቦው ከተያዘ መጀመሪያ መብራቱን ከቆጣሪው ማጥፋት፣ ቀጥሎ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። «ሌባ ነው» ብሎ ትቶት መሄድ ሌላ ወንጀል ይጨምራል፤ አንቀጽ 575 በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው ራሱን ለአደጋ ሳያጋልጥ መርዳት እየቻለ ያልረዳን ይቀጣል። ሽቦውን ቶሎ ነቅሎ መደበቅም ነገሩን ያባብሳል እንጂ አያቀልም።

የቀረው «ማን ይከፍላል» የሚለው ነው፤ አቃቂ ላይ ብዙው ቤት የኪራይ ነውና። አንቀጽ 2067 የሚይዘው በሥራው ጉዳቱን ያደረሰውን ሰው ስለሆነ፣ ተከራይ ራሱ ዘርግቶት ከሆነ አከራዩ «የኔ ቤት እንጂ የኔ ሽቦ አይደለም» ማለት ይችላል። እያወቀ ከፈቀደ ግን ይህ ክርክር ይሳሳል። ዘበኛው በሥራው ላይ ላጠፋው ቀጣሪው ይጠየቃል። የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ተሰብስቦ ወስኖ፣ ገንዘብ አዋጥቶ፣ በኤሌክትሪሺያን ያስገጠመው ከሆነ ደግሞ አንቀጽ 2155 ይመጣል፤ ለአንድ ጉዳት ኃላፊ የሆኑ ሰዎች ባንድነትና በነጠላ ይጠየቃሉ፤ ማለትም ተጎጂው ገንዘብ ያለውን አንዱን መርጦ ሙሉውን ማስከፈል ይችላል፣ እሱ ደግሞ ከሌሎቹ ጋር ይተሳሰባል። ተጎጂው ለመክሰስ ያለው ጊዜ በመደበኛው 2 ዓመት ነው፤ ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከዚህ ከረዘመ ግን የሚሠራው ረጅሙ ነው።